ጀርባዬን ለሰው አልሰጥም

መጋቢት 4 ቀን 2005፣ መቱ

ይህ ደብተር የሚስቴ የዋሪቱ ነው። የተማሪዎቿን ማርክ ልትይዝበት ገዝታው ሳትጀምረው ሞተች። ባዶውን ተቀምጦ አይጥ ከሚበላው ብዬ እኔ ጀመርኩት። ፊደሌ የመሠረተ ትምህርት ነው፣ ቀን ቡና ስሸከም ውዬ የተማርኩት። ቢንጋደድም የራሴ ነው። ለማንም አላስነብብም።

ዛሬ ኪቲላ ቤት ድረስ መጣ። የኪነት ቡድናችን አዲሱ አዘጋጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ የመጣ፣ ልጄን ገለኔን በዕድሜ የማይደርስባት ልጅ። በኦሮምኛ አዲስ ድራማ ጽፏል። ልጁ የተገደለበት አንድ አባት አለ፤ ሽማግሌዎች ገብተው ከገዳዩ ቤተሰብ ጋር ያስታርቁታል። አባትየው እኔ ነኝ። «ኦቦ ደቅሲሳ፣ ስጽፈው የእርስዎ ድምፅ ነበር ጆሮዬ ላይ» አለኝ። ሌላ ማን አለና? ግንቦት ላይ አዳማ የክልል ውድድር አለ። ከተመረጥን በዚህ ድራማ ነው የምንሄደው።

አርባ ሁለት ገጽ ሰጠኝ። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል ነው የተጻፈው። ጽሑፉ ደቃቅ ነው። «እስከ ሰኞ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብሎ ሄደ። ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት።

መጋቢት 9

ልምምድ ተጀመረ። ዓይኔን አሞኛል አልኩ። ሌሎቹ ሲያነቡ ሰማሁ፤ የሰማሁትን ግማሹን ያዝኩ። ጆሮዬ ገና አልደከመም።

ኪቲላ ለገለኔ ደውሎ ነግሯታል መሰለኝ፣ ማታ መጥታ «አባባ፣ ነገ አስፈቅጄ ዓይንህን እናሳይ» አለች። የኔ ዓይን እዚህ ቆሞ ማዶ ያለው ቡና መቅላት አለመቅላቱን ይለያል። አልሄድም አልኳት። «ታዲያ ምንህን ነው ያመመህ?» አለች። 

መጋቢት 16

ዛሬ ልምምድ የለም። ዝናብ ጀምሯል፣ ቤት ዋልኩ።

እኔና ዋሪቱ እንዲህ ነበርን። እሷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጽሑፉን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ጎመን እየቀነጠሰች ታነባለች። እኔ በረንዳው ላይ እየተንጎራደድኩ እደግማለሁ። ስሳሳት የጎመን ግንድ ትወረውርብኛለች። «እንደገና! አንተ ሰነፍ፣ ወላጅ ይዘህ ትመጣለህ» ትለኛለች። መምህር ነበረች፤ ቁቤ የመጣ ሰሞን ከመጀመሪያዎቹ ሰልጣኞች አንዷ ነች። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ አጠናን። ልምምድ ስሄድ ከሁሉ ቀድሜ ቃሌን የያዝኩ እኔ ነበርኩ። «ደቅሲሳ አንድ ጊዜ ገልጦ ካየ በቃው» ይባል ነበር። እኔም አዎ አላልኩ፣ አይደለም አላልኩ።

አልችልም ብዬ አልነበረም። ባልና ሚስት የየራሱ ልማድ አለው። ብቀመጥ ኖሮ ቁቤ የስንት ቀን ትምህርት ነው? ዋሪቱም «ና ላስተምርህ፣ በአንድ ክረምት ትጨርሰዋለህ» ብላኝ ነበር። ለሚስቴ ተማሪ ልሆን? አልኳት። ደግማ አላነሳችውም።

ጽሑፉን አወረድኩት። ኪቲላ የኔን ድርሻ በቀይ አስምሮበታል። ገጽ በገጽ ገለጥኩት። ቀዩ ብዙ ነው። መልሼ ሰቀልኩት።

መጋቢት 24

ዛሬ ከኪቲላ ጋር ተጣላን።

በመጨረሻው ትዕይንት ገዳዩ ተንበርክኮ ይመጣል። አባትየው ስለ ልጁ ጥቂት ይናገራል። ከዚያ «ዺሴራ» ይላል፣ ትቼዋለሁ ማለት ነው። ይህን ብሎ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ቀስ እያለ ይወጣል።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ የለም ኦቦ። መጋረጃ።»

«ልጁ ሞቶበት ሳያለቅስ?»

«የሚያለቅሰው ሰዉ ነው። እርስዎ አይደሉም።»

«አንተ ሳትወለድ እኔ ጎሬ ላይ ሰው አስለቅሻለሁ! ሠላሳ ዓመት ፊቴን ያየ ሕዝብ አሁን ጀርባዬን ሊያይ ይመጣል?»

ዲሪቤ የልጄ ሚስት ሆና ነው የምትጫወተው። «ጋሼ፣ ጀርባዎም እኮ ሸጋ ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን አፏ አያርፍም።

ጉቱ ብቻ አልሳቀም። ከበሮ መቺያችን ነው፣ አርባ ምናምን ዓመቱ ነው። ከበሮው ላይ ክንዱን ጥሎ አየኝ። አምና ጥቅምት ከበደሌ ከተመለስን ወዲህ ሲያየኝ እንዲህ ነው።

ሚያዝያ 3

ሩጫ። ቅዳሜ መክፈቻ። የሟቹን ልጄን ስም ያዝኩ፣ ጉርሜሳ ነው። ግማሹን ቃል ይዣለሁ። ግማሹን መድረኩ ይሰጠኛል። ሁልጊዜ ሰጥቶኛል። ገለኔ ሸሚዝ ተኮሰችልኝ።

ሚያዝያ 6

ትናንት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ገና ስገባና ስስል ሳቁ! ምንም ሳልናገር! አንድ ሳል ብቻ! ኪቲላ ይህን በምን ትምህርት ያመጣዋል?

መሃል ላይ ቃሉ ጠፋኝ። ጫማዬን አውልቄ ጠጠር እንደገባበት ሰው አራገፍኩት። ፈረሱ በሳቅ። ሌላውን አወለቅኩ። በዚያው ስለ ጫማው አንድ ታሪክ ገባሁበት፣ ከዚያ ስለ ሙግት፣ ከዚያ ስለ ድሮ ዳኞች። ዲሪቤ ውኃ በጣሳ ይዛ ገብታ ልትሰጠኝ ነበር። እሷ የምትናገረው እኔ ቃሌን ከጨረስኩላት ነው። ቆማ ጠበቀችኝ። ክንዷ ሲዝል ጣሳውን በሁለት እጇ ያዘችው።

መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። ተንበረከክሁ። ወደ መድረኩ ጫፍ ወጥቼ ለሕዝቡ ነገርኩት። ጀርባዬን አልሰጠሁም። ትዕይንቱ የአምስት ደቂቃ ነው፤ እኔ ሃያ አምስት አደረስኩት ይላሉ። ሰው ቁጭ ብሎ መስማት አቅቶት ብዙው ተነስቶ ቆሞ ነው ያየኝ። ከኋላ በሩም ተከፍቶ ነበር፣ ለአየር።

ኪቲላ አንድም ነገር አላለኝም። ዲሪቤን ግን መጋረጃው ጀርባ «ጎበዝ፣ ጣሳውን አልጣልሽም» ሲላት ሰማሁ። ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ።

ሚያዝያ 9

ሙነወር ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ወዳጄ ነው፣ የመድረክ ልብሴን ሁሉ ከሱ ነው የምገዛው። ሁለት ጎረምሶች ሻርፕ ሊያዩ ገቡ። እኔ መጋረጃ ጨርቁ ጀርባ ነኝ፣ አላዩኝም።

አንዱ «ቅዳሜ ድራማው እንዴት ነበር?» አለው።

«የቱ? ሽማግሌው ጫማውን እስኪያስር ጠብቄ የመጨረሻው ባጃጅ አመለጠኝ፣ በእግሬ ነው የገባሁት።»

«ድሮ እኮ አባቴ ስሙን ሲሰማ ከሥራ ወጥቶ ይሄድ ነበር።»

«ድሮ ነዋ።»

ከወጡ በኋላ ሙነወር ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ። «ወላሂ ደቅሲሳ፣ እኔም ጀናትን ይዤ መሃል ላይ ነው የወጣሁት። አትቀየመኝ።» ጀናት ሚስቱ ናት።

«አሟት ነው?»

«አላመማትም።»

ሻይ አዘዘ። ሳልጠጣው ወጣሁ።

ሚያዝያ 12

ዲሪቤ ቤት መጣች። ሙዝ ይዛ። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፣ ማንም ሳይላት። ቦርሳዋን ከፍታ የራሷን ጽሑፍ አወጣች።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ ልምጣ? እኔ አነባለሁ፣ እርስዎ ይደግማሉ።»

«ዓይኔ እስኪሻለኝ ነው።»

«ዓይንዎ ደህና ነው። የልምምድ ቀን መሬት የወደቀ የመርፌ ቁልፌን ያገኙት እርስዎ ነዎት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ዋሪቱ አስተምራኛለች እኮ፣ አምስተኛ ክፍል። አንድ ቀን ደብተር ላደርስ መጥቼ በአጥሩ ሰምቻችኋለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቁቤ አለማወቅ ምን ነውር አለው? አባቴም አያውቅ።»

ይህን ሁሉ ዘመን ታውቅ ነበር።

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «የሚስቴ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው ማን ፈቅዶልሽ ነው? ሬሳዋ ሳይበሰብስ ቤቷን ልትወርሺ ነው?» አልኳት። ልጄ ትሆናለች እኮ። እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ ይባላል?

ተነሳች። ጽሑፉን አጣጥፋ ከተተች። «የሚቀጥለው ሳምንት ቡሬ ስንጫወት አደራዎን፣ ቃሌን ያቀብሉኝ» ብቻ አለች። ሙዙን ትታው ሄደች።

ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ሚያዝያ 15

አልጠየቅኳትም። ልምምድ ላይ ከኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ቡሬ ላይ ጥሩ ከሠራሁ በራሱ ይስተካከላል።

ሚያዝያ 20

ከቡሬ ገባን። ዛሬ አልጽፍም።

ሚያዝያ 21

እጽፈዋለሁ። ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ቡሬ እኔን ያሳደገኝ ሕዝብ ነው። ከአውቶቡስ ስንወርድ ሽማግሌዎች እጄን ያዙኝ፣ «አለህ ወይ?» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። መጀመሪያው ደህና ነበር። ጫማም አላወለቅኩም። ለዲሪቤም ቃሏን አቀበልኳት።

መጨረሻው ላይ ገዳዩ ተንበርክኮ መጣ። ስለ ልጄ መናገር ነበረብኝ፤ ቃሉ የለም። ውስጤን ዳሰስኩት፣ ባዶ ነው። ሰዉ ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። እንግዲህ ላልቅስ ብዬ ጀመርኩ። ሲለቀስ የሞተው ይጠራል፤ ጉርሜሳ እላለሁ ብዬ አፌን ስከፍት «ዋሪቱ» አልኩ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ደገምኩት። አፌ ከዚያ በኋላ አልታዘዝ አለኝ። «ዋሪቱ፣ እየመጣሁ ነበር። መኪናው ተነስቶ ነበር» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ድራማው ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ፤ እኔና እሷ ቤት ውስጥ ስንጣላም ስንታረቅም በአማርኛ ነበር። ከፊት የተቀመጡት ተያዩ። ከኋላ አንዱ «ዋሪቱ ደግሞ ማናት? የሞተው ወንድ አይደል እንዴ?» አለ። ሳቁ። በእኔ ስንት ዓይነት ሳቅ ስቀዋል፤ ይህን ግን ሰምቼው አላውቅም።

ዲሪቤ ሮጣ ገብታ ክንዴን ያዘች። «አባቴ፣ ከሐዘኑ ብዛት ዞሮብዎታል» ብላ በራሷ ቃል በኦሮምኛ ተናግራ ይዛኝ ወጣች። የኔን «ዺሴራ» እሷ ነች ያለችው።

የበደሌውን ለማንም አልተናገርኩም። አምና ጥቅምት ዋሪቱ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። «ሂድ፣ ሰው ይጠብቅሃል» ብላ በደሌ ለትርኢት የላከችኝ እሷ ናት። ይህ እውነት ነው። ለለቀስተኛ ሁሉ «መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ማን ነግሮኝ?» እል ነበር። ይህ እውነት አይደለም። ጉቱ ከመጋረጃው ጥግ በእጁ ጠርቶኝ ነበር። ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፣ ወደ ውጭ ጠቆመኝ፣ መኪና አዘጋጅቶ። አይቼዋለሁ። ሰዉ እየሳቀ ነበር። በእጄ ቆይ አልኩት። አንድ ቀልድ ጨምሬ፣ ሌላ ጨምሬ፣ ሦስተኛም ጨመርኩ። መቱ ስንገባ ገለኔ የሆስፒታሉ በር ላይ ነበረች። «አሁን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አልሞላትም» አለችኝ።

ጉቱ ይህን ለገለኔ አልነገራትም። ለኪቲላም አልነገረውም። ምነው በተናገረና በሰደበኝ።

ሚያዝያ 24

ኪቲላ መጣ። ጫማውን በር ላይ ጠረገ፣ አልቀመጥም አለ፣ ኋላ ተቀመጠ።

«ኦቦ፣ የአባትየውን ቦታ ጉቱ ይሞክረዋል።»

«ከበሮ መቺው?»

«ቃሉን ይዞታል። ወር ተኩል ሙሉ ከበሮው ላይ ሆኖ ሲሰማ ሁሉንም ይዞታል።»

«እኔስ?»

«ለእርስዎ አስቤያለሁ። ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዱላ የያዘው። ቃል የለውም። ግን እርስዎ ቆመው ብቻ ቢያዩ መድረኩ ይከብዳል። ከተመረጥን አዳማም አብረውን ይሄዳሉ።»

ይህን ያለው በአክብሮት ነው፣ አልዋሽም። አንቱታውም አልጎደለም። ግን ቃል የሌለው! እኔን ደቅሲሳን እንደ ጉቶ ሊያቆመኝ! «ሠላሳ ዓመት የተናገርኩ ሰው ነኝ። ዱላ የሚይዝላችሁ ገበያ ሂዱና ፈልጉ» አልኩት።

«ያስቡበት። እስከ ግንቦት አሥር ስም ዝርዝር አላስገባም» አለ።

ሲወጣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ቀና ብሎ አየው።  ዲሪቤ ነግራው ይሆን? አትነግረውም። እሷ አትነግርም።

ግንቦት 3

ለአዳማው ውድድር የሚመርጡት ሰዎች ስለመጡ ድራማው እንደገና መቱ ታየ። አልሄድም ብዬ ነበር። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ሄድኩ። መጨረሻው ወንበር፣ ምሰሶው ጀርባ።

ጉቱ ድምፁ ያንሳል። አካሄዱም የከበሮ ተሸካሚ ነው። የኔን ሳል አልሳለም፣ ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ ላይ ልቤ ደስ አለው፣ ይኸው አልቻለም ብዬ።

መጨረሻው ላይ ገዳዩ ተንበርክኮ መጣ። ጉቱ አየው። ለብዙ ጊዜ አየው፣ እኔን እንደሚያየኝ አድርጎ። ስለ ልጁ የሚለውን አለ፤ አጭር ነው ለካ። አምስት መስመር ቢሆን ነው። ከዚያ «ዺሴራ» አለ። ዞረ። ሄደ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየው። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቆመ፣ የሚዞር መሰለኝ፤ አልዞረም።

ማንም አላጨበጨበም። አጠገቤ ያለች ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅስ ነበር። ማጨብጨቡ ዘግይቶ ነው የመጣ፤ ሲመጣም አላባራ አለ።

ቀላል ነገር ነው። ማንም ይችለዋል። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።

እኔንም አስለቀሰኝ። «ዺሴራ» ያለው ለኔ መሰለኝ። ያለው ግን ለድራማው ነው።

ግንቦት 6

ተመርጠዋል። ሙነወር ነው የነገረኝ።

«ሂድና ዱላውን ያዝ» አለኝ።

«ይምጡና ይጥሩኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ መጥተው ጠርተውህ አልነበር እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ነው የመጡት።»

«ስንት ጊዜ ይምጡ? ሠርግ ነው?» ጨርቁን ጠቀለለው። «ደቅሲሳ፣ የነገርኩህን ስማኝ። እኔ ሱቅ መጥተው ልብስ ያሰፉልህ የነበሩ አድናቂዎችህ አልቀዋል። እነዚህ ልጆች ግን አሁንም ስምህን ከነኦቦው ነው የሚጠሩት። ይህም ያልቃል።»

ነገ እሄዳለሁ።

ግንቦት 7

ዝናብ ነበር። አልሄድኩም።

ግንቦት 8

ገለኔ «ምን ሆነሃል? ምግብም አትበላ» አለች። ልነግራት ፈለግኩ። የበደሌውን። የቁቤውን። ሁለቱንም። «አይ፣ ድካም ነው» አልኩ። እሷም እንደ እናቷ ደግማ አትጠይቅም። 

ግንቦት 12

ዛሬ በጠዋት ተላጨሁ። የመክፈቻውን ቀን ሸሚዝ ለበስኩ። ኪቲላን ዱላውን እይዛለሁ ልለው ነው። ለዲሪቤም እላታለሁ፤ ምን እንደምላት መንገድ ላይ ሳጠናው ሄድኩ። ለጉቱ የምለውን ግን አላገኘሁም።

የኪቲላ ቢሮ ተቆልፏል። ደርበው የሚባለው ዘበኛ «አውቶቡስ ሊያዩ ሄደዋል፣ ነገ ሌሊት ነው የሚነሱት» አለኝ። «ስም ዝርዝሩ እንኳ ውጪ ተለጥፏል፣ አላዩትም ጋሼ?»

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

ወጥቼ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። አንድ ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው። በቁቤ ነው። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ኪቲላ ያስገባኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። «ሽማግሌ ነው፣ ኩራት ነው፣ ሐሳቡን ይለውጣል» ብሎ ሊያስገባኝ ይችላል። ደግ ልጅ ነው። ረጅም የሆነውን ስም ሁሉ እኔን አስመሰልኩት።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጃንጥላ ይዛ ስታልፍ ጠራኋት። በሕይወቴ ከዋሪቱ ሌላ ሰው እንዲህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ።»

«እሺ አባባ። የማንን ስም ፈልገው ነው?»

«ሁሉንም አንብቢው።»

ጃንጥላዋን ለኔም አድርጋ አንድ በአንድ አነበበችው። ኪቲላ። ዲሪቤ። ጉቱ። ሰኚ። አራርሳ። ሌሎቹንም። አሥራ አራት ናቸው። ቀስ እያለች፣ ጣቷን እያስኬደች። ዋሪቱ ስታነብ እንዲሁ ነበር።

ቆመች።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ከሥሩስ የለም?»

«ከሥሩ ማኅተሙ ነው አባባ። የማን ነበር የጠፋው?»

ስሜን ብነግራት ልታዝንልኝ ነው። ልጅ ናት፣ ታዝንልኛለች።

«የጉቱን ነው የፈለግሁት» አልኳት።

«ውይ፣ አለ እኮ! ይኸው ሦስተኛው ላይ። ልጅዎ ነው?»

«አዎ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት! ተዋናይ ነው?»

«ጎበዝ ነው» አልኳት። «ገለቶሚ፣ ተባረኪ ልጄ።»

ሄደች። መንገዱን እስክትሻገር ዘበኛው ደርበው በር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ስለዚህ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብዬ ቆየሁ፣ የማነብ መስዬ።